የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ምንድን ነው? ለጎንደርስ ምን ይፈይዳል?

ጎንደር ውስጥ ስለ ባህል ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ድንጋይ ይሄዳል። የፋሲል ግቢ እድሳት፣ የኮሪደር ልማት፣ የጥምቀት እንግዳ ብዛት። ይህ ሁሉ መነሳቱ ተገቢ ነው። ግን ማሲንቆ የሚመታው ሰው ከጥር እስከ ጥር በምን ይኖራል? ወለቃ ላይ ሸክላ የምትሠራው እናት ልጇን ሙያውን ታስተምራታለች ወይስ «ተይው፣ ይቅርብሽ» ትላታለች? አዘዞ የሚኖር ቴአትር ወዳድ ወጣት የት ነው የሚለማመደው?

ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች ብዙ የዓለም ከተሞች አንድ ተቋም አላቸው። የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ይባላል። «አርትስ ካውንስል» ሲባልም ሰምታችሁ ይሆናል። ስሙ ሲነሳ አንዳንዱ ሌላ የመንግሥት ቢሮ ይመስለዋል። ሌላው የአርቲስቶች ማኅበር ነው ይላል። ድግስ አዘጋጅ የሚመስለውም አለ። ሦስቱንም አይደለም።

እሺ፣ ታዲያ ምንድን ነው?

የሕዝብ ገንዘብ ተቀብሎ፣ በታወቀ ደንብ፣ ለባለሙያዎችና ለማኅበረሰቡ የባህል ሥራዎች የሚያከፋፍል ተቋም ነው። ራሱ አይዘፍንም፣ አይሥልም፣ ቴአትር አይሠራም። የሚሠሩትን ሰዎች ይደግፋል። ድጋፉ ጥሬ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። አዳራሽ፣ ሳውንድ ሲስተም፣ ሥልጠና፣ ፈቃድ በማውጣት መርዳትም ድጋፍ ነው።

ከከተማው ምክር ቤት ጋር አይምታታባችሁ። የከተማው ምክር ቤት በሕዝብ የተመረጡ ተወካዮች የሚቀመጡበት ነው፤ የከተማዋን በጀት ያጸድቃል። የኪነ ጥበብ ምክር ቤቱ ከዚያ በጀት ላይ ድርሻውን ይቀበልና ለማን እንደሚሰጥ ይወስናል።

አሠራሩን ለመረዳት እድርን ማሰብ በቂ ነው። አባላት ያዋጣሉ፣ ኮሚቴ ይመረጣል፣ መተዳደሪያ ደንብ አለ። ሰው ሲሞትበት እድርተኛው ገንዘቡን የሚያገኘው ሊቀመንበሩ ስለወደደው አይደለም፤ ደንቡ ስለሚል ነው። ሒሳቡም በጉባኤ ፊት ይነበባል። የኪነ ጥበብ ምክር ቤትም በዚሁ መንፈስ ነው የሚሠራው። ልዩነቱ እድር ለደረሰበት ሁሉ እኩል ሲሰጥ፣ ምክር ቤቱ ግን ከቀረቡለት ሐሳቦች መርጦ መስጠቱ ላይ ነው። ምርጫ ባለበት ቦታ ደግሞ ቅሬታ አለ። ስለዚህ የተቋሙ ዋና ጉዳይ የገንዘቡ መጠን ሳይሆን የመምረጫው መንገድ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ብሪታንያ በ1940 እ.ኤ.አ.፣ ጦርነት ላይ ሳለች፣ ሙዚቃንና ኪነ ጥበብን የሚያበረታታ ኮሚቴ አቋቋመች። ሕዝቡ በጨለማው ዘመን መንፈሱ እንዳይሰበር ታስቦ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በ1946 እ.ኤ.አ.፣ ኮሚቴው ቋሚ ምክር ቤት ሆነ። ከሐሳቡ ዋና ገፊዎች አንዱ የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ ነበር።

ያኔ የተያዘው መርህ እስከ ዛሬ የዚህ ዓይነት ተቋማት መለያ ነው። መንግሥት ገንዘቡን ይሰጣል፤ የትኛው ሠዓሊ ወይም የትኛው ቡድን ይውሰድ በሚለው ግን እጁን አያስገባም። ያንን የሚወስኑት ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ከተሞችም የየራሳቸውን መንገድ ፈለጉ። አሜሪካ ውስጥ ዊንስተን ሳሌም የተባለች ከተማ በ1949 እ.ኤ.አ. የራሷን ምክር ቤት አቋቋመች፤ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። ፊላደልፊያ በ1959 እ.ኤ.አ. ከግንባታ ወጪ ላይ 1 በመቶ ለኪነ ጥበብ እንዲውል ደነገገች። ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግዶች ለሆቴል ከሚከፍሉት ግብር ከፍላ ለባህል ተቋማት ትሰጣለች። ይህቺን የሆቴል ጉዳይ ያዙልኝ፤ ጎንደርን በቀጥታ ስለምትመለከት እንመለስባታለን።

ጎንደር ለጥበብ ድጋፍ እንግዳ ናት?

በፍጹም። ጎንደር ራሷ በጥበብ ድጋፍ የተሠራች ከተማ ናት።

ፋሲል ግቢ ገብታችሁ ከሆነ፣ ከግንቦቹ መካከል ከ1716 እስከ 1721 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ዳዊት ያሠሩት የመዝሙር አዳራሽ አለ። እስቲ አስቡት። ንጉሥ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ለዜማና ለጨዋታ ብሎ ራሱን የቻለ ቤት አሠራ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የመሠረቱት ቀዳማዊ ኢያሱ ናቸው። ጣሪያው ላይ በረድፍ የሚያዩን የመላእክት ፊቶች ያለ ደጋፊ የሚሣሉ አይደሉም፤ ቀለሙም፣ ሠዓሊውም፣ ቀለቡም ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። እቴጌ ምንትዋብም ቁስቋምን ሲያሠሩ ሠዓሊውንና ሊቁን አብረው አሰባስበዋል። የሥዕል ታሪክ አጥኚዎች ሁለተኛው የጎንደር ዘመን የሚሉት የአሣሣል ስልት ያበበው በእሳቸው ጊዜ ነው።

ይህ ትልቅ ድጋፍ ነበር። ወሳኙ ግን አንድ ሰው ነው። ቤተ መንግሥቱ የወደደው ያገኛል፤ ያልወደደው አያገኝም።

በደርግ ዘመን ደግሞ ሌላ ዓይነት ድጋፍ መጣ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ጎንደር ፋሲለደስ ኪነትን አፈራች፣ ወሎ ላሊበላ ኪነትን፣ ጎጃም ግሽ ዓባይ ኪነትን። እነዚህ ቡድኖች ያወጧቸው ድምፃውያን፣ ተወዛዋዦችና የመሣሪያ ተጫዋቾች ዛሬም በአድማጭ ልብ ውስጥ አሉ። የቀበሌ ኪነት ባይኖር ኖሮ መድረክ የማያዩ ብዙ የድሃ ልጆች ነበሩ። ይህን መካድ ተገቢ አይመስለኝም። ሆኖም ምን እንደሚዘፈን የሚወስነው ሥርዓቱ ነበር። ለአብዮቱ ያልዘፈነ መድረኩን አያገኝም።

ንጉሡም ደግፈዋል፣ ደርግም ደግፏል። የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ከሁለቱም የሚለየው ገንዘብ ሰጪውን ከመራጩ መነጠሉ ላይ ነው።

ገንዘቡ እንዴት ነው የሚሰጠው?

ምሳሌ እንውሰድ። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር በመባል ትታወቃለች። ከዚያ የመጣ አንድ ማሲንቆ መቺ አዘዞ ላይ 10 ወጣቶችን ለማስተማር አሰበ እንበል። ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን መሥራት ጭምር፤ ቆዳውን መወጠር፣ ጭራውን ማሰር።

በመጀመሪያ ምክር ቤቱ ማስታወቂያ ያወጣል። ለምን ዓይነት ሥራ እንደሚደግፍ፣ እስከ ስንት ብር እንደሚሰጥ፣ የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነና በምን መስፈርት እንደሚመረጥ ይነግራል። መስፈርቱ ቀድሞ መነገሩ ቀላል ነገር አይደለም። ማመልከቻ ከገባ በኋላ የሚወጣ መስፈርት ለአንድ ሰው ተለክቶ የተሰፋ ሊሆን ይችላል።

ባለሙያው ቀጥሎ ያመለክታል። ምን ሊሠራ እንዳሰበ፣ የት፣ ከማን ጋር፣ በስንት ብር። እዚህ ላይ ብዙ ቦታ ነገሩ ይበላሻል። ማሲንቆን እንደ ልቡ የሚያናግር ሰው የፕሮጀክት ጽሑፍ ማዘጋጀት ላይችል ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ምክር ቤት ሰውየው መጥቶ በቃሉ እንዲያስረዳ ይፈቅዳል፣ ሠራተኛ ተቀምጦ ይጽፍለታል፣ ወይም በስልክ የተቀዳ ቪዲዮ ይቀበላል። ይህ ካልተደረገ ድጋፉ የሚሄደው ጥሩ ለሠራው ሳይሆን ጥሩ ለጻፈው ነው። በእኔ እምነት አንድ ምክር ቤት ለእውነት መቆሙ የሚለየው እዚህች ነጥብ ላይ ነው።

ከዚያ ገምጋሚ ኮሚቴ ይቀመጣል። ለምሳሌ አንድ የሙዚቃ መምህር፣ አንድ ዕድሜ ጠገብ አዝማሪ፣ አንድ የአካባቢው ነዋሪ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሰው። ኮሚቴው በየጊዜው ይለወጣል። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ያመለከተው ሰው ዘመዱ ወይም የሥራ አጋሩ ከሆነ ያንን ተናግሮ ከስብሰባው ይወጣል። ጎንደርን በመሰለች ሁሉም ሁሉንም በሚያውቅባት ከተማ ይህ ደንብ ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል።

የተመረጠው ውል ይፈርማል። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በአንዴ አይሰጥም። ከፊሉ ሲጀመር፣ ቀሪው ሥራው ሲታይ። በመጨረሻ ሒሳብ ይወራረዳል። እዚህም ማስተዋል ይጠይቃል። ከገጠር ቆዳ የገዛ ሰው የማሽን ደረሰኝ ከየት ያመጣል? በምስክር የተፈረመ ወረቀት መቀበል የሚቻልበት ደንብ ከወዲሁ ካልተዘጋጀ፣ ታማኙ ሰው በወረቀት ጉድለት ይከሰሳል።

ያልተመረጠውስ? ለምን እንዳልተመረጠ ይነገረዋል። በሚቀጥለው ዙር አሻሽሎ ይመጣል።

«ሁሉን ያካተተ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቃሉ በየስብሰባው ስለሚነሳ ሰው ሰልችቶታል። ጎንደር ላይ ግን ታሪክ ያለው ጉዳይ ነው።

ከተማዋን የገነቧት እጆች ብዙ ናቸው። ከአናጢውና ከግንበኛው፣ ከአንጥረኛው መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ከነጋዴውና ከሸማኔው መካከል ሙስሊሞች ነበሩ። በ1668 እ.ኤ.አ.፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ፣ በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። ሥራቸው ይፈለጋል፤ ጉርብትናቸው ግን አይፈለግም። ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል። አዝማሪው ለሠርጉ ይጠራል፤ ልጁን ለጋብቻ ሲጠይቅ ግን ፊት ይዞርበታል። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበሎች ላይ ደግሞ «ካላዜሙ በሥጋ ደዌ ይያዛሉ» የሚል እምነት ተጭኖባቸው ኖሯል። ጥበቡን ወደን ጥበበኛውን ስናርቅ ብዙ ዘመን አልፏል። ይህን ደፍሮ መናገር የሚያሳፍር አይደለም፤ ማስተካከል የሚቻለው ከተነገረ ነውና።

ስለዚህ ማካተት ማለት በበዓል ቀን የሁሉንም ልብስ መድረክ ላይ ማሳየት አይደለም። ገንዘቡ ሲከፋፈል ጠረጴዛው ዙሪያ ማን ተቀምጧል የሚለው ነው። የቅማንት ባህል ጉዳይ ሲገመገም ቅማንት የሆነ ሰው አለ? የመንዙማ ቡድን ሲያመለክት መንዙማን የሚያውቅ ሰው ያየዋል? የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ሥራ የሚገመገመው እንደ ጥበብ ነው ወይስ ለቱሪስት እንደሚሸጥ ዕቃ ብቻ?

ቀጥሎ ቦታ አለ። ዝግጅቱ ሁሉ ፒያሳና ግንቡ አካባቢ ከሆነ፣ ከአዘዞ የሚመጣው ሰው የታክሲ ብሩንና የመሸበትን ሰዓት ያሰላል። ወደ ሰፈሩ መሄድ ይቀላል። የትምህርት ቤት ግቢ፣ የወጣት ማዕከል፣ የቀበሌ አዳራሽ በቂ ነው።

ሰዓትም አለ። ማታ 2 ሰዓት የሚጀምር ልምምድ ብዙ ሴቶችን ያስቀራል። አዝማሪ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት አብረው መጫወታቸው የተለመደ ነው፤ እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ይመታል። ሥልጠና ሲወጣ ግን የሚመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ልጅ የሚያቆይ ሰው በበጀቱ ውስጥ ማስገባት ትንሽ ወጪ ነው፤ ለውጡ ግን ትልቅ ነው።

አካል ጉዳተኞችን በተመለከተ ነገሩ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 በባህል ሕይወት መሳተፍን እንደ መብት ያስቀምጣል። የሕንፃ አዋጁም የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዛል። በተግባር ሲታይ፦ ቴአትር ሲታይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ አዳራሽ ሲመረጥ ደረጃ የሌለበት መግቢያ፣ ዐይነ ስውር አንባቢ ማስታወቂያውን በድምፅ የሚያገኝበት መንገድ። ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው በበጀት ካልተያዘ በመጨረሻው ሳምንት «አልተቻለም» መባሉ አይቀርም።

አሁን ጎንደር ላይ ይህን ሥራ ማን ይዞታል?

በዋናነት የከተማ አስተዳደሩ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ነው። ከበላዩ የአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አለ። ቅርስን በተመለከተ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ድርሻ አለው። ፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ስለሆነ ዩኔስኮም ይከታተለዋል። የጥምቀት በዓልም በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። አብያተ ክርስቲያናቱ ዜማውንና ቅኔውን በራሳቸው ጉባኤ ቤት ያስተምራሉ። አዝማሪ ቤቶቹ ደግሞ የግል ንግድ ናቸው።

መምሪያውና ምክር ቤቱ የሚጋጩ አይደሉም። መምሪያው ፖሊሲ ያስፈጽማል፣ ቅርስ ይመዘግባል፣ በዓሉን ያስተባብራል፣ ቱሪስት ይቀበላል። የጥምቀት ሰሞን ብቻውን ጉልበት ይጨርሳል፤ የፋሲለደስ መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ መሞላት አለበት፣ መንገድ ይዘጋጃል፣ እንግዳ ያርፋል። ምክር ቤት ቢኖር በቀሩት ወራት ትንንሹን ሥራ፣ ግለሰቡንና የሰፈር ቡድኑን ይይዛል።

ሕጉ በር ዘግቷል? አልዘጋም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት ቅርስን የመንከባከብና ለኪነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋፅኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 91 ደግሞ አቅም በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን ማስፋፋትን ግዴታ ያደርገዋል። ባለሙያዎችና ነዋሪዎች ራሳቸው ተሰባስበው መጀመር ቢፈልጉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መደራጀትን ይፈቅዳል።

ኑሮ በከበደበት ጊዜ ለዘፈን ብር ይወጣል?

ይህ ቅን ጥያቄ ነው። ጤና ጣቢያና ውሃ ይቀድማሉ ለሚል ሰው መልሱ «አዎ፣ ይቀድማሉ» ነው። የኪነ ጥበብ ምክር ቤት የትም አገር የበጀቱን ትንሽ ድርሻ ነው የሚይዘው።

ግን ጎንደር ላይ ባህል እንጀራም ነው። ለጥምቀት የመጣ እንግዳ አልጋ ይይዛል፣ ይበላል፣ ባጃጅ ይሳፈራል፣ ጋቢ ይገዛል፣ ማታ አዝማሪ ቤት ይሸልማል። ኮሮና ሲመጣ፣ ከዚያም ጦርነትና ግጭት ሲከተል፣ ይህ ሰንሰለት ሲበጠስ ሁሉም አይቶታል። ደመወዝ የሌለው አዝማሪ ቤቱ ሲዘጋ የሚያርፍበት ቦታ የለውም። ሙያውን ጥሎ የቀን ሥራ የገባ ሰው ደግሞ እንግዳው ሲመለስ አብሮ አይመለስም። ዜማው በመጽሐፍ የተጻፈ አይደለምና ከእሱ ጋር ይሄዳል።

የገንዘብ ምንጩን በተመለከተ የሳን ፍራንሲስኮ መንገድ ለጎንደር ይቀርባታል። እንግዳው የሚመጣው ባህሉን ብሎ ከሆነ፣ እንግዳው ከሚያስገባው ገቢ ጥቂቱ ባህሉን ለሚሠራው ሰው ቢመለስ ፍትሐዊ ነው። የፊላደልፊያም መንገድ አለ። ኮሪደር ሲሠራ፣ አደባባይ ሲነጠፍ፣ ከወጪው ትንሽ ቆርጦ ለአካባቢው ሠዓሊና ቀራፂ መስጠት። ብር ጨርሶ ከጠፋም ባዶ የሚውል አዳራሽ ቁልፍ መስጠት ይቻላል። የልምምድ ቦታ ያጣ ቡድን ከብር በፊት የሚፈልገው እሱን ነው።

ምን ሊበላሽ ይችላል?

የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። በየዓመቱ ያው 4 እና 5 ሰዎች ይወስዳሉ። ገምጋሚ ኮሚቴው ሹመት ይሆናል። ለሹም የሚዘፍን ብቻ ይደገፋል። ወይም ሁሉም ነገር ቱሪስት ፊት እንዲያምር ብቻ ይሠራና፣ እስክስታው ከ5 ደቂቃ ትርዒት በላይ ትርጉም ያጣል፤ አዲስ ነገር የሚሞክር ወጣት ደግሞ «ይህ የእኛ ባህል አይደለም» ተብሎ ይመለሳል።

ነዋሪው ይህን ለመከታተል ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም። ማን አመለከተ፣ ማን አገኘ፣ ስንት ብር፣ ለምን ሥራ፣ ገምጋሚዎቹ እነማን ነበሩ የሚለው ዝርዝር በየክፍለ ከተማው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይኖርበታል። ምክር ቤት ሳይቋቋም ዛሬም ቢሆን ለባህል ሥራ የወጣን የሕዝብ ገንዘብ በተመለከተ መጠየቅ ይቻላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ጥያቄውን ጽፋችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል አስገቡ፤ ቀኑን አስመዝግቡና አንድ ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ።